መቋሚያ የታቀፈው ሰው

ይህችን ተረት የማይተርታት ሰው የለም፤ ከየት መጣች ብትሉት ግን ራሱን ያካል። እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ።

በላስታ በኩል አያ ደርሶ የሚባል ገበሬ ነበር። ልጁ ይርዳው ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወረደ፤ አብረውት የወረዱት ሁሉ ሲመለሱ እሱ ቀረ። አባትየው ቢጠይቅ፣ ቢያስጠይቅ ወሬው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደርሶ የራሱ ሰው አልሆነም። በሬውን ሊያመጣ ይወጣና ገመዱን ብቻ እየጎተተ ይመለሳል። ሚስቱ «በሬውስ?» ስትለው «የቱ በሬ?» ይላታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኑ ራቀ።

«ምነው ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ልብህን ብታሳርፍ!» አለችው ሲመራት። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ደርሶም ገበያ ወርዶ ጥሩ የወይራ መቋሚያ ገዛና ከሰዓት በኋላ ለቅዳሴ ሚካኤል ገባ።

የጾም ቅዳሴ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ግፊያ የለ፣ እልልታ የለ። ጥቂት ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ብለዋል። ደርሶ ግራ ገባው። «እነዚህ ተኝተው ነው እንዴ የሚጸልዩት?» አለ በልቡ። እሱ እኮ ልጅ የጠፋበት ሰው ነው! እግዜር ፊት ተደግፎ ቢገኝ «ይሄስ የምሩን አይደለም» ቢባልስ? መቋሚያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወገቡ ተቆረጠ፤ እሱ ወይ ፍንክች! ሐሳቡ ግን ቆላ ለቆላ ይዞራል።

አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌው መሪጌታ ላእከ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «አያ ደርሶ፣ ተደገፍ እንጂ» አሉት በሹክሹክታ።

«ኧረ አልደከመኝም መሪጌታ። ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። እናንተ ተደግፋችሁ ያገኛችሁትን ሰላም እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ እንዴት አጣሁት?»

«ለመሆኑ ልጅህን በጉልበትህ ነው የምታመጣው?»

 ደርሶ ግን እልኸኛ ነውና እንደቆመ ቀረ። ቅዳሴው ገና ሳይጋመስ ዓይኑ ጨለመበትና ድፍት አለ።

መሪጌታ አንስተው መቋሚያውን ብብቱ ሥር አስገቡለት። ምን ምርጫ አለው? ሰውነቱን ጣለበት። ጸጥታውን ያን ጊዜ ገና ሰማው። የካህኑ ዜማ ዝግ ብሎ ይመጣል፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። «ይርዳውን አንተ ታውቃለህ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣለትም፤ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ልቡም አረፈ። እንዴት እንዳረፈ ግን ለራሱም አልገባውም።

ከመሪጌታ ጋር ሲወጡ ሚስቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ፊቱን አየችና ደነገጠች።

«ምን ሰማህ? ወሬ ተገኘ እንዴ?»

«ወሬስ የለም» አለ እየተገረመ። «ወደቅሁ፤ ከዚያ… እኔ እንጃ! ብቻ ቀለለኝ።»

ይሄኔ ግራ መጋባቱ ወደ እሷ ዞረ። «መሪጌታ፣ ባሌን ምን አድርገውብኝ ነው?» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ሳቅ አሉና «መቋሚያ ይዞ በጉልበቱ የቆመ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ደከመ» አሏት። ተረቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀረች።