የአያ ይርሳው አፍ

በአንድ ወቅት፣ ጦስኝ ከደጃፍ በሚለቀምበት የደጋ አገር፣ አያ ይርሳው የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር እሳቸው ፊት ሲቀርብ ልቡ ይራራ ነበር። ኋላ ግን አፋቸውን ሲከፍቱ ባለጉዳዩ ፊቱን ያዞር፣ አጠገባቸው የተቀመጠውም ፈቀቅ ይል ጀመር። «አርጅቼ ተናቅሁ» ብለው ከሽምግልናው ቀሩ፤ ቤታቸው ኩርምት ብለው ይውሉ ጀመር።

የልጃቸው ሚስት አልጋነሽ ይህን አይታ አላስችላት አለ። ምራት ለአማቷ እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን እያወቀች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «አባባ፣ የናቀዎት የለም። ድድዎ ታሞ አፍዎ ይሸታል» አለቻቸው። አያ ይርሳው በእፍረት ተለበለቡ። ሲያድሩ ግን፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እውነቱን የነገረቻቸው እሷ ብቻ መሆኗ ታያቸው።

ሴት ልጃቸው እንጉዳይ ነገሩን ስትሰማ ጦስኝ አፍልታ፣ ጨው ጣል አድርጋበት፣ ለብ ሲል ጠዋት ማታ ታስጉመጠምጣቸው ጀመር።

«ይትፉት እንጂ አባባ፣ አይዋጡት።»

«ስትቆጪ ቁርጥ እናትሽን» ይሏታል፤ እየሳቁ ይተፉታል። የድዳቸው መድማት ቀነሰ። ሽታው ግን ጨርሶ አልለቀቀም።

የአልጋነሽ ባል ጥላዬ፣ «ከሥሩ ካልተነሳ አይሆንም» ብሎ አባቱን በበቅሎ አስቀምጦ ከተማ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። የሐኪሙን መፋቂያ ብረት አይተው ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ ጥላዬ እጃቸውን ያዘ። «እሾህ ሲነቅሉልኝ ‹ቻለው› ይሉኝ አልነበር? እስቲ እርስዎም ይቻሉት።» ሐኪሙ ጥርሳቸው ሥር የተጋገረውን ቆሻሻ ፍቆ አነሳ። የጦስኙን ነገር ሲሰማም፣ «እሱ ደጋፊ ነው፤ ይህን አይተካም። ድድዎ እስኪጠግግ ግን አይተዉት» አላቸው። እንጉዳይም አልተወችም።

ድዳቸው ዳነ። አያ ይርሳው ወደ ሽምግልናቸው ተመልሰው፣ በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞችን አስታረቁ። የታረቁትም አዲስ ጋቢ አለበሷቸው። እቤት ሲገቡ ሦስቱን ጠርተው፣ «ይህ ጋቢ አፌን ለመለሰልኝ ነው» አሉ።

አልጋነሽ፣ «እኔ ተናገርኩ እንጂ ምን ለፋሁ? ለእንጉዳይ ይስጧት» አለች።

እንጉዳይ፣ «የኔ ውኃ ብቻውን ምን ፈየደ? ለጥላዬ ነው» አለች።

ጥላዬም፣ «ሚስቴ ባትደፍር መታመምዎን በምን አውቄ? ለእሷ ይገባል» አለ።

የስንቱን ጠብ የፈቱት ሽማግሌ፣ ይህን ፍቅር መፍታት አቃታቸው። ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጆቻቸውን ተራ በተራ ያያሉ።

እናንተስ? ጋቢው ለማን ይገባል ትላላችሁ፦ ነውሩን ተሻግራ እውነት ለተናገረችው፣ ጠዋት ማታ ላልታከተችው፣ ወይስ ፈርተው ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ለያዘው?