በሰዓቱ የበሰለው ዳቦ

አቶ እንግዳሸት የተባሉ የዳቦ ቤት ሥራ አስኪያጅ የአመራር ሥልጠና ወስደው ከመጡ ወዲህ፣ ሠራተኛውን በየማለዳው ሰብስበው ካላስተማሩ አይሆንላቸውም። እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ ንቅንቅ ማለት ክልክል ነው። አንድ ቀን ስለ ሰዓት ማክበር ሲያስተምሩ ምድጃ ጠባቂዋ አሮጊት እጇን ብታወጣ፣ «ጥያቄ መጨረሻ ላይ!» ብለው አስቀመጧት። ሲጨርሱ ዳቦው ከሰል ሆኗል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጥፋተኛውን አሁኑኑ ንገሪኝ! አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!» ብለው ጮኹባት።

አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ጥፋተኛውማ ዳቦው ነው። እኛ ሁላችን ንግግርዎ እስኪያልቅ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ እሱ ብቻ ማንንም ሳያስፈቅድ በሰዓቱ በሰለ! ማባረሩን ከሱ ይጀምሩ።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ አቶ እንግዳሸትም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ዳቦው ከወጣ በኋላ ሆነ፤ ሰዓቱን የምትናገረውም አሮጊቷ ነች።