በጥልፍ የተሸፈነው ወፍጮ

አንዳንድ ተረት የት እንደተወለደ አይታወቅም፤ የት እንዳደረ ግን ይታወቃል። አሁን የማወጋችሁ አባባል ከሁላችንም በፊት የነበረ ነው። በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር ግን ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ወይዘሮ እንጉዳይን እያሰበ ነው። እሷም ሰምታ አትቀየምም፤ እንዲያውም ትመርቃለች።

እንጉዳይ ባሏ ከሞተ ወዲህ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ልጆቿን አሳድጋለች። ሙያዋን ማንም አያማውም። አምስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ፤ ታላቋ እማማ አሰገደች ናቸው፤ አተር ለቀማ ላይ የእሳቸው ዓይን የጎረምሳ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ምሳ ሽሮዋን ሊወስድ ተስማማ። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማምረቻ ቤቷ በመንግሥት ተመዝግቦ የብቃት ማረጋገጫ ያግኝ። ያለዚያ የለም። የስድስት ቤት ኑሮ በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

ማመልከቻዋን አስገባች፤ ተቆጣጣሪው ሐሙስ ይመጣል አሏት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአገራችን ጠባይ የመጣው። ለእንጉዳይ ወደ ቤቷ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወንፊቱን፣ ሙቀጫውን፣ ሚዛኑን ከማምረቻው ክፍል እያስወጣች ከኋላ ባለው መጋዘን፣ በአተር ጆንያዎቹ ላይ ቆለለችው። በቦታው ሶፋዋን አስገባች። ወፍጮው ግን ከወለሉ ጋር የታሰረ ነውና አልነቃነቅ አላት። እሱንም በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። ዶሮም ታረደ።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው አቶ ልየው መጣ፤ ንግግሩ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ።

«የማምረቻው ክፍል የቱ ነው?»

«ይኸው፣ ይግቡ እንጂ። ይቀመጡ።»

«የምትፈጩት ሶፋው ላይ ነው?»

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ልየው ሊቀመጥ ሲል አስነጠሰው፤ ደገመው፤ ሠለሰው።

«እትዬ፣ ዓይኔ ሳሎን ነህ ይለኛል፤ አፍንጫዬ ግን በርበሬ ቤት ነህ አለኝ» አለና ጥልፉን ገለጥ አደረገ። ወፍጮውን አየ። «በሉ የኋላውን በር ይክፈቱልኝ።»

«ኧረ እሱን ይተዉት፤ ገመናችን ነው። ይልቅ ወጡ ደርሷል።»

«ያላየሁትን ቤት መመዝገብ አልችልም።» ማኅደሩን ዘግቶ ወደ መንገዱ ዞረ።

እንጉዳይ ጭንቅ ያዛት። ብትከፍት ያ ሁሉ ዝርክርክ ሊያሳፍራት ነው፤ ባትከፍት ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ሊገቡ ነው። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልየው የተቆለለውን ዕቃና ከላይ ያሉትን ጆንያዎች አወረደና እጁን ወደ ሥረኛው ሰደደ። ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ ለወፍጮ የተዘጋጀ አተር ነው፤ ያወጣው እፍኝ ግን ሻጋታ ወርሶታል። የኋላው ግድግዳ እርጥበት ያስገባል። እነሱ ሁልጊዜ ከላይ ወስደው ከላይ ስለሚጭኑ ከታች ያለውን ያየ አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ ግን ያለውን ሁሉ፣ እስከ ሥረኛው ጆንያ፣ ሰኞ ሊፈጩት ነበር፤ ሽታውን ደግሞ ቅመሙ ይሸፍነው ነበር።

እንጉዳይ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «ይህ እኮ ለሕፃናት ነበር» አለች።

ልየው አልተቆጣም፤ አልመዘገበምም። የሻገተው እንዲወገድ፣ ግድግዳው እንዲጠገን፣ ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲቀመጥ ጽፎ ሰጣት። «በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ፤ ያን ቀን ሶፋውን እንዳላይ» ብሎ ወጡን ሳይቀምስ ሄደ። ሰፈሩ ይህን እስካሁን ይቅር አላለውም።

ስድስቱ ሴቶች ተረባርበው ሁሉንም አደረጉት። ልየውም ተመልሶ ከላይ እስከ ታች አየና መዘገባቸው። እንጉዳይ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያን ቀን ዝም ብለው ፈርመውልኝ ቢሆን የሰው ልጅ አሳምሜ፣ ስሜ ሲረገም እኖር ነበር። ከከለከሉኝ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ እጠራዎታለሁ። እግዜር ውለታዎን ይክፈልልኝ» አለችው፤ እንባዋም መጣ።

«ሥራዬ ነው እትዬ» አለ ልየው አፍሮ።

ሶፋውን ሲያስገቡ ያገዛት ጎረቤቷ ይርዳው ግን ነገሩ አልገባውም። ተቆጣጣሪው ከወጣ በኋላ «ምን ይህን ያህል ታመሰግኚዋለሽ? መጋዘኑን ደህና አድርገሽ ብትደብቂው ኖሮ ወረቀቱን በዚያው ቀን ታገኚው ነበር» አላት።

እማማ አሰገደች የሚለቅሙትን አተር ትተው ቀና ብለው አዩትና «ወረቀቱንማ ታገኝ ነበር፤ ግን ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉት።