ወደ ማዶ የሚልከው ሞፈር ጠራቢ

«አንድ ሞፈር ጠራቢ ነበረ» አሉ ጋሽ ውብነህ።

ይታገሱ የጠየቃቸው ሌላ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ይሠራል። ኮርስ ይጀምራል፤ ይተዋል። እኩዮቹ ጥለውት የሄዱ ስለመሰለው፣ ቀጥሎ ምን ልማር ብሎ ወደ ቀድሞው አለቃው ወደ ጋሽ ውብነህ መጣ። እሳቸው ግን ስለ ጠራቢው ቀጠሉ።

ሰውየው ገበያ ዳር ተቀምጦ ሞፈር፣ ቀንበርና እርፍ ይጠርባል። እንጨት ሲሰበር ያበጃል። ብረቱ፣ ማለትም ማረሻው፣ ሲሰነጠቅ ግን «ይሄ የኔ አይደለም፤ ወንዝ ማዶ ቀጥቃጩ ጋ ሂድ» ይላል። እንዲህ ሲል ኖረ። ግን በአንድ ሥራ አይጸናም። «ዛሬ የሚያበላው ወንበር ነው» ሲሉት ወንበር ጀመረ። «ወንበርማ አለፈበት፤ አሁን ኮርቻ ነው» ሲሉት ወንበሩን ጥሎ ኮርቻ ያዘ። ከዚያ ደግሞ የመስኮት መቃን። ሚስቱ «ቤታችንን ጅምር ሞልቶታል፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ግን የለም» ትለዋለች። እሱ አይስቅም። እንጀራዬን ማን ይወስደው ይሆን ሲል ይውላል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። አንድ ገበሬ የተሰነጠቀ ማረሻ ይዞ መጣ። ባለ አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ ያርሳል። ተራው የሚያልቀው የዚያኑ ዕለት ማታ ነበር።

«ማዶ ሂድ» አለው ጠራቢው።

«ባለፈውም ማዶ ሂድ አልከኝ፤ ካቻምናም ማዶ ሂድ አልከኝ። ለመሆኑ አንተ ማዶውን ታውቀዋለህ?»

አያውቀውም። በዚያ አገር ቀጥቃጭ ይናቅ ስለነበር ከደጁ መታየትን ይሸሻል። አሁን ግን የገበሬውን ፊት አየና ማረሻውን ተሸክሞ አብሮት ወጣ። ወንዙ ሞልቷል። ሽቅብ ርቀው ሄደው በድልድይ ተሻገሩ። ቀጥቃጩ ጠራቢውን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘውና፣ «የምትልካቸውን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። የማላውቀው አንተን ብቻ ነው» አለው።

ማረሻው ተበጀ። በማግስቱ ሲመለሱ ግን ጎረቤትየው ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ የራሱን ማሳ ያርስ ነበር። ገበሬው ከማሳው ዳር ቆሞ እርሻውን አየ። ማረሻውን ተቀብሎ ሄደ። ያ አካሄዱ ጠራቢውን እንቅልፍ ነሳው። ብቻውን ተመልሶ ተሻገረና ከቀጥቃጩ ወናፍ ሥር ሊማር ተቀመጠ። ሰዎች አዩት፤ አሙትም። ብረት ግን ተማረ።

ጋሽ ውብነህ ወደ ይታገሱ ዞሩ።

«ጠራቢው አንተ ነህ። ወንበርና ኮርቻው ጀምረህ የተውካቸው ኮርሶች ናቸው። ማዶህስ የት ነው? ‹ይሄ የኔ አይደለም› ብለህ ሰው የምትልከው ወዴት ነው?»

ይታገሱም መለሰ፤ «ምድር ቤት፣ ሰርቨር ክፍል። የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ሲስተሙ አልከፈት ብሏቸው ዛሬም ወደዚያ ላክኋቸው። ትናንትም እንደዚሁ።»

«እዚያ ስለሚሠራው ሰው ምን ትላላችሁ?»

«አቧራ ጠባቂ እንለዋለን።»

«ነገ ወይዘሮዋ ሲመጡ አብረሃቸው ውረድ። ቀጥሎ የምትማረው እዚያ ነው ያለው።»

«እሱም ቢያልፍበትስ፣ ጋሼ?»

«ያልፍበት ይሆናል። ያም ጠራቢ ለእንጀራው እስኪሞት ድረስ ፈራ። ደጁ የመጣን ሰው ግን ዳግመኛ ብቻውን ማዶ አልላከም።»