«ሆድ ባሰኝ» ያለው ቀዛፊ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም...
፦ ተዉ! ዛሬ የላም በረት አትበሉኝ። «ለሁለት ሰው እራት» በሉኝ። ተረት ተረት!
፦ ለሁለት ሰው እራት!

ጎሽ። አንተ ከበሩ ዞር በል፣ ብርድ አስገባህብን።

በድሮ ዘመን አያ ልየው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ቤቱ ወንዝ ዳር ነበርና ጎረቤት አልነበረውም። ሰው ይመጣል፣ «አሻግረኝ» ይላል፣ ያሻግረዋል። ከዚያም ሰውየው ዞሮ ሳያይ ይሄዳል። አያ ልየው አገሬውን የሚያውቀው በጀርባው ነበር።

ሚስቱ ውብአየሁ ስትሞት ጭራሽ ባሰ። የምድጃው እሳት ጠፋ። የደረቀ ቂጣ በቀዝቃዛ ውሃ እያወራረደ፣ ቆሞ ይበላል። ከዚያም ያንኑ እንኳ ሲጎርስ አልወርድ አለው። ሁለቴ ይዞረው የነበረ መቀነት አራቴ ዞረው። ሰዎች ታንኳው ላይ ተቀምጠው፣ እየሰማቸው፣ «ይሄ ሰውዬ ዘንድሮን አይከርምም» ይባባሉ ጀመር። እሱም ይቀዝፋል።

ክረምት ሊገባ ሲል ከነጋዴዎች ጋር አንድ ሐኪም መጣ። ከቻይና አገር ነው፣ ስሙ ሼን ነው። ነጋዴዎቹ ተሻገሩና እሱ ለመጨረሻው ዙር ቀረ። ወዲያው ሰማዩ ተቀደደ። ወንዙ ሞላ። ሼን በዚህኛው ዳር፣ ከአያ ልየው ጋር፣ ክረምቱን ሙሉ ታገተ።

ሼን አማርኛ የለቀመው ከመንገድ ላይ ነው። ቃሉን እንደ ጭራሮ አንድ አንድ እያለ ነው የሰበሰበው። አያ ልየው በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን አየና ለራሱ፦

፦ ሆድ ባሰኝ፣ አለ።

ሼን «ሆድ»ን ያውቃል። «ባሰ»ንም ያውቃል። ብድግ አለ።

፦ ሆድ ባሰህ? መቼ ጀመረህ?
፦ ውብአየሁ ከሞተች ወዲህ ነዋ።
፦ ምላስህን አውጣ።
፦ ምን አልክ?
፦ ምላስ! አውጣ!
፦ አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሽበቴ እንግዳ ላይ ምላስ ላውጣ? እኔን ሰው ነው ያሳደገኝ!
፦ ካላወጣህ እንዴት ልየው?
፦ ልየው? ምን በባዶው ልየው ትለኛለህ! ታላቅህ አይደለሁም? አያ ልየው በል!

ሼን አሰበ አሰበና፦

፦ እሺ። ሆድህን እንዴት አያ ልየው?

አያ ልየው ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሲስቅ አፉ ተከፈተ፣ ሼንም ጎንበስ ብሎ ምላሱን አየ። አመድ መስሏል። በሦስት ጣቱ የእጁን አንጓ ይዞ የደም ስሩን አዳመጠ።

፦ በእኛ አገር ሆድ ምድጃ ነው ይባላል፣ አለ። ያንተ እሳቱ ጠፍቷል። ደሞ ቀዝቃዛ ውሃ ትደፋበታለህ። ሐሳብም ገመድ ነው፣ ሆድን ያስራል።

ከዚያም ሼን ምድጃውን አነደደ። ገብሱን እህል መሆኑን ረስቶ ገንፎ እስኪሆን ድረስ ቀቀለና ዝንጅብል ጨመረበት። በየማለዳው ሁለት ቅል ይሞላል። «ቁጭ በል። ትኩሱን ብላ። ቀስ በል። ስትውጥ አትዘን» ይላል። ከበሉ በኋላ መቶ እርምጃ በጭቃው ውስጥ ያስኬደዋል። አያ ልየው እየተንሸራተተ ይሳደባል፣ ግን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ቅሉን ሲያነሣ ከአፉ አንድ ቃል ወጣ፦ «እንብላ።» እሱ ራሱ ደነገጠ። ለካ ለግድግዳ እንብላ አይባልምና ቃሉን ትቶት ኖሯል።

ነሐሴ ሲያልቅ መቀነቱ ሦስት ዙር ሆነ።

መስከረም ላይ ወንዙ ጎደለ። አያ ልየው ሼንን አሻገረው። ማዶ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ እትዬ ዝማም የምትባል ሰፌድ ሰፊ ነበረች። ስታያቸው ሰፌዷን ጣለች።

፦ አያ ልየው! አሉ እንዴ? እኔ እኮ ሞቱ ብዬ አልቅሼ ጨረስኩ!
፦ ሆድ ብሶት ነበር፣ አለ ሼን ኮራ ብሎ። በዝንጅብል አዳንሁት።

እትዬ ዝማም በሳቅ ፈረሰች።

፦ ኧረ የኔ ጌታ! ሆድ ባሰኝ ማለት እኮ ሰው አጣሁ፣ አልቅስ አልቅስ አለኝ ማለት ነው! ለዚህ ዝንጅብል ምን ሊረባው!



፦ ታዲያ በምን ዳነ? አለ ሼን።

አያ ልየው ወደ መቅዘፊያው አቀረቀረ። እትዬ ዝማምም ሳቋን ዋጠችው። እሷም ብቻዋን ነበር የምትኖረው።

ሼን ተሰናበተና መንገዱን ጀመረ። አያ ልየው እንደ ልማዱ ጀርባውን ያያል። ሼን ግን ጥቂት እንደሄደ ዞረ። እጁን ሆዱ ላይ አደረገና፦

፦ አያ ልየው! ሆድ ባሰኝ! አለ።

አሁን ቃሉን አውቆት ነው ያለው።

ዓመት ዞረ። ወንዙ እንደገና ሞላ፣ የተሻጋሪ እግር ጠፋ። አያ ልየው ገብሱን ቀቀለ፣ ዝንጅብሉን ጨመረ፣ ቁጭ አለ። ሁሉን እንደተነገረው አደረገ። ጎረሰ። አልወርድ አለው። እጁ መቀነቱን ዳሰሰ።

ከዚያም ቅሉን ይዞ ዝናብ ውስጥ ወጣ። ወንዙ ያጓራል፣ እንኳን ቃል ጩኸት አያሻግርም። ቅሉን ወደ ማዶ ከፍ አደረገ። ቆመ። ማንም የለም። ዝናቡ ገንፎውን አቀጠነው። እጁ ዛለና ሊያወርድ ሲል፣ ማዶ፣ ወፍ የምታህል ሰው ከእትዬ ዝማም ጎጆ ወጣች። ቆመች። ተመልሳ ገባች። ደግማ ስትወጣ እሷም ቅል ይዛ ነበር። ከፍ አደረገችው።

አያ ልየው ጎረሰ። ወረደለት።

ተረቴ ወንዙን ተሻገረ፣ የኔ ሆድ እዚህ ዳር ቀረ። በሉ ትኩስ ነገር አቅርቡልኝ። አቅርባችሁም አትሂዱ፣ ከፊቴ ቁጭ በሉ። እንብላ።