የሙታን ድርሻ

አንድ ንጉሥ ነበረ። በአገሩ ዝናብ ጠፍቶ ከተማው ሲራብ፣ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ከመሬት የሚቆፍሩትን ሥር እየበሉ ክፉ ቀን እንደሚያሳልፉ ሰማ። አንድ የተማረ ሹም ጠርቶ፣ አሠራሩን ቶሎ ተምሮ እንዲመጣና ሕዝቡን ከረሃብ እንዲያተርፍ አዘዘው።

ሹሙ ሄደ። የጫካዋ አሮጊት ከቁፋሮው ጀምረው ሁሉን አሳዩት፤ እሱም እያየ ጻፈ። ሥሩን ላጡ፣ ከተፉ፣ ቀቀሉ። ከዚያ የፈላውን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ደፉና የሙታን ድርሻ ነው አሉት። አዲስ ውሃ ጨምረው ደግመው ቀቀሉ፤ እሱንም ለሙታን ደፉ። በሦስተኛው ውሃ የበሰለውን አቀረቡለት። በላና ጣቱን ላሰ።

ወደ ከተማ ሲመለስ የጻፈውን አነበበና ሳቀ። ሕዝቡ ውሃ አጥቶ፣ ለሙታን ውሃ ይደፋል እንዴ? መስመሩን ሰረዘው። ሥሩ አንድ ጊዜ ተቀቅሎ እንዲበላ በከተማው አስነገረ። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል!

በማግስቱ ግማሹ ከተማ ሆዱን ይዞ ተኛ። ሦስት ሕፃናት ሞቱ። ሹሙ ደሙ ፈልቶ ወደ ጫካው ተመለሰ፤ አሮጊቷንም መርዝ አስተማሩኝ ብሎ ጮኸባቸው።

አሮጊቷ በመጀመሪያ የጠየቁት የከተማው ሰዎች ሁለቱን ውሃ ደፍተው እንደሆነ ነው።

"እሱማ ለሙታን ነው ብለውኝ የለም እንዴ?" አለ ሹሙ። "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እምነት የለም።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ያዙ።

"መርዙ ያለው እኮ እዚያ ውሃ ውስጥ ነው፣ ልጄ። ሕፃን መርዝ ነው ቢሉት ይቀምሰዋል፤ የሙታን ነው ቢሉት ግን አይጠጋም። እናቶቻችን ይህን አስበው ነው ለሙታን የሰጡት። እናንተ ውሃውን ከለከላችኋቸውና ልጆች ላካችሁላቸው።"



እኔን የሚያንገበግበኝ የሹሙ አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር። ሰው ሁሉን አያውቅም። ግን አሮጊቷ ፊቱ ቁጭ ብለው ሲሠሩ እያየ፣ "ለምን?" የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ጠፋች። የቆየ ልማድ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚጣልም አለ። ከመጣሉ በፊት ግን ባለቤቱ ይጠየቅ።

እርስዎስ "ኋላ ቀር" ብለው የሰረዙት መስመር አለ? ሲሰርዙት ማንን ጠየቁ?