የፊታውራሪ በቅሎ ለቅሶ

ፊታውራሪ ወንድይራድ የሚባሉ ሹም ከአንድ መንገደኛ መነኩሴ «ሲያገኙ አለመፈንደቅ፣ ሲያጡ አለማዘን» የሚል ትምህርት ሰምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የተቃጠለበትም ሆነ እህሉን ውርጭ የመታበት ሰው ደጃቸው ሲመጣ ከዚህች ትምህርት በቀር ሌላ ነገር ሰጥተው አያውቁም።

በአገሩ ለቅሶ ቤት እየዞረች ሙሾ የምታወርድ አንዲት አልቃሽ ነበረች። ያለቻትን አንዲት ላም ወንዝ ወሰደባትና እርዳታ ልትለምን ብትመጣ፣ «ምነው ለአንዲት ላም! ልብሽ አይናወጥ» ብለው አባረሯት።

ወር ሳይሞላ የፊታውራሪ በቅሎ ሞተች። ፊታውራሪ ኩታቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ለበቅሎዋ ሙሾ እንድታወርድም ያችኑ አልቃሽ አስጠሩ። ሴትዮዋ መጥታ በቅሎዋን አየች፣ ፊታውራሪን አየች፣ ሳቋ አመለጣት።

ሰው ሁሉ እያየ ነውና ፊታውራሪ እንባቸውን ጠርገው ተቆጡ። «ምን ያስቅሻል አንቺ? በይ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ቢያጣም ቢያገኝም ልቡ የማይናወጥ ማን እንደሆነ በሰው ፊት መስክሪ! እኔን ካላልሽ ጅራፉ ይኸውልሽ።»

«ከገረፉኝም ይግረፉኝ ጌታዬ፣ እሷ ነች» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ በቅሎዋ እየጠቆመች። «ነፍስን ያህል ነገር አጣች፣ አላለቀሰችም። እርስዎን ከመሸከም ተገላገለች፣ ይኸው እሱም አላሳቃት።»